አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ

መሥሪያ ቤታችን «ዲም» (deem፦ እንዲህ ነው ብሎ መፍረድ ወይም መቁጠር) የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ከገባ ወዲህ «ይመስለኛል» የሚል ሰው ጠፋ። ሁሉም በያኝ ሆነ። አንዱ ባልደረባችን ምሳ ላይ ሽሮውን ገና አንዴ እንደጎረሰ «ቀጭን ነው ብዬ ዲም አድርጌዋለሁ» አለ። ሾፌራችን ግራ ገባው። እሱ የሚያውቀው ዲም ማታ ከፊት መኪና ሲመጣ የሚደረገውን ነው።

ቃሉ እንኳ በአገሩ የተከበረ ነው። ከጥንት ጀምሮ ሥራው መፍረድ ነው። አይል ኦፍ ማን በምትባለው ደሴት ዳኞች እስከ ዛሬ «ዲምስተር» ይባላሉ። አጠቃቀሙም አይከብድም፦ መጀመሪያ የሚፈረድበትን ነገር ትጠራለህ፣ ቀጥሎ ፍርዱን። መሃል ላይ «አዝ» አይሰነቀርም (እኛ «እንደ» የለመደብን ሰዎች ግን እንሰነቅራለን)። ደግሞ ፈራጁ ሥልጣን ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ፍርድ ቤት፣ ቦርድ፣ ሐኪም። ለሽሮ ትንሽ ይበዛል።

ኃይሉን ማየት የፈለገ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ይግለጥ። ሕፃን ከመወለዱ በፊት ባለው 300ኛ ቀን እንደተፀነሰ ይቆጠራል ይላል። ተቃራኒ ማስረጃም አይቀበልም። እናትየው ብትምል ብትገዘት ዋጋ የለውም፤ ሕጉ አንዴ ዲም አድርጓል። የሰፈራችን ዕድርም እንግሊዝኛ ሳይማር እንዲሁ ነው። ደጋግሞ የቀረ አባል «በፈቃዱ እንደለቀቀ ይቆጠራል»። ሰውየው ሆስፒታል ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም በፈቃዱ ነው።

የኔ ቅሬታ ግን ቃሉ በአማርኛ «ሆኖ ተገኘ» ተብሎ ፈራጁን ሲደብቅ ነው። የቅጥር ማስታወቂያ መጨረሻ ላይ ያለችውን መስመር አስቧት፦ «አስፈላጊ ሆነው ሲገኙ ሌሎች ሥራዎችንም ያከናውናል።» ማን አገኛቸው? አይነገርም። ሥራዎቹ የሆነ ቦታ ወድቀው ተገኝተዋል። በዚች መስመር ስንት ሾፌር ፎቶ ኮፒ አነሳ፣ ስንት ጸሐፊ የአለቃ ልጅ ከትምህርት ቤት አመጣች! አለቃ «እኔ ፈልጌ ነው» ቢል ያፍራል። «ሆኖ ተገኘ» ሲል ግን ነገሩ ከሰማይ የወረደ ይመስላል።

በቀደም የጥበቃው ጋሼ የደመወዝ ጭማሪ ጠይቀው መልሱ በደብዳቤ መጣ። ማኅተሙ ከጽሑፉ ይበልጣል። «ጥያቄው ወቅታዊ ሆኖ አልተገኘም» ይላል። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ደብዳቤውን ያመጣችውን ልጅ አዩዋት።

«የት የት ፈልጋችሁ ነው?»