የግል ፎልደሬ ከእኔ በቀር ለሁሉም ይከፈታል

ሳይበርድልኝ ልጻፈው። ነገ ከሆነ «ተወው፣ ምን ይደረጋል» ማለቴ አይቀርም፣ ዛሬ ግን መተው አልፈልግም።

ያው ዜድ ድራይቭ ነው፣ ፋይሎቻችን የሚቀመጡበት የትምህርት ቤቱ ሰርቨር። ፎልደሩ በስሜ ተሰይሞ እዚያው ተቀምጧል፣ ስጫነው «አክሰስ ዲናይድ»፣ መግባት አይፈቀድልህም ይለኛል። ትናንት ከሰዓት ስሠራበት ነበር እኮ! የነገው ፈተና ከነመልሱ፣ የሴሚስተሩ ማርክ ሊስት፣ ስለ አንድ ልጅ ከወላጆቹ ጋር የተነጋገርነው ነገር፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ማታ አሥሬ አንብቤ ያስተካከልኩት ፈተና፣ ጠዋት ልተይብበት ስል በር ተዘጋብኝ።

አስተዳዳሪውን አነጋግሩ ይላል፣ ሄድኩ። የሚቀመጠው ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ነው። ላቡ ደግሞ ነገ እኔው በምፈትናቸው ልጆች ሞልቷል።

«ቲቸር፣ ምን ሆነው ነው?»

«ፎልደሬ አልከፈት አለኝ።»

«ፓስዎርድዎን ይንገሩኝ።» ድምፁን ዝቅ እንኳ አላደረገም። ክፍሉ በሙሉ ቀና አለ።

«ፓስዎርዴን ለማንም አልናገርም።»

ሳቀብኝ። «እኔ እኮ አድሚን ነኝ ቲቸር። ምኑን ነው የሚደብቁኝ? ሳይነግሩኝም ይከፈትልኛል» አለና በራሱ አካውንት ገባበት። ለእኔ እምቢ ያለው ፎልደር ለሱ ወዲያው ተከፈተ። ስክሪኑ ወደ ልጆቹ እንደዞረ የፋይሎቼን ስም አንድ በአንድ ያነብልኝ ጀመር፦ «ፋይናል… ፋይናል ከነመልሱ… ይሄን ነው የፈለጉት?» ብሎ ድብል ክሊክ! የመጀመሪያው ገጽ ስክሪኑን ሞላው። ከኋላዬ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

«ዝጋው! ዝጋው እባክህ!»

«ታዲያ ይኸው ይሠራል አይደል? ችግሩ የእርስዎ ኮምፒውተር ነው።»

ችግሩ የእኔ ኮምፒውተር አይደለም! ሰርቨሩ የሚያየው አካውንቱን ነው። ይህ አካውንት ፎልደሩን ለመክፈት ከተፈቀደላቸው ውስጥ አለ ወይስ የለም፣ በቃ። ጠዋት አዲስ መምህራን ሊያስገባ የስታፍ ግሩፖችን፣ ማለትም ፈቃድ በጋራ የሚሰጣቸውን የአካውንት ስብስቦች፣ ሲነካካ እኔን አውጥቶኛል፤ ይህንንም ያወቅነው ሌሎች የዲፓርትመንቴ ሰዎችም እንደኔ እንደተዘጋባቸው ስነግረው ነው። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። «እሺ መልሼዎታለሁ፣ አሁን ይሠራል» አለኝ።

ስታፍ ሩም ተመለስኩ። አክሰስ ዲናይድ። ደወልኩ። «እንግዲህ ነገ ይምጡ።» ነገ ፈተናው ነው እያልኩት ስልኩ ተዘጋ። ያዳነችኝ አጠገቤ የምትቀመጠው የሒሳብ መምህርት ናት፦ «ሎግ አውት በልና እንደገና ግባ» አለችኝ። ተከፈተ! ዊንዶውስ አንድ ሰው የየትኛው ግሩፕ አባል እንደሆነ የሚያየው ሎግ ኢን ሲያደርግ ነው፣ ከዚያ በኋላ የተሰጠ ፈቃድ ወጥቶ እስኪገባ ድረስ አይሠራለትም። ይህን ማወቅ የማን ሥራ ነበር? አንድ ዓረፍተ ነገር ነው እኮ የነፈገኝ።

ከጀመርኩ አይቀር ስለ ፓስዎርዱም ልናገር። በየጊዜው ቀይሩ ይባላል፣ ሁልጊዜ ደግሞ ማርክ የማስገቢያው ቀን ላይ ነው የሚያልፍበት። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ፓስዎርድ ተሰርቋል የሚያሰኝ ነገር ከሌለ ሰውን በየጊዜው አታስቀይሩ ያለው በ2017 ነው፤ ማይክሮሶፍትም ይህን ግዴታ ከዊንዶውስ የደህንነት ምክሩ ያወጣው በ2019 ነው። እኛ ጋ ወሬው አልደረሰም። ውጤቱን ማየት የፈለገ ስታፍ ሩም ይምጣ፣ በየሞኒተሩ ጠርዝ ላይ በወረቀት ተጽፎ ተለጥፏል። ሰው ምን ያድርግ?

አለቃ ጋ ስሄድ ደግሞ መልሱ ምን መሰላችሁ? «ለምን ሼርድ ፎልደሩ ላይ አታስቀምጠውም?» ፈተና! ሁሉም የሚከፍተው፣ ሁሉም የሚያጠፋው ቦታ ላይ! ባለፈው ሴሚስተር የዲፓርትመንታችንን የወርክሺት ፎልደር ከዚያ ላይ ሰው አጠፋው፤ ከኔትወርክ ላይ የጠፋ ፋይል ደግሞ እንደራሳችን ኮምፒውተር ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገኝም። ባክአፕ አለ ወይ ብለን ጠየቅን፣ እስካሁን መልስ እየጠበቅን ነው። የወርክሺቶቹን ነገር ሳስበው አሁንም ያናድደኛል፣ የስንት ሰው ልፋት ነው።

እና መምህሩ ምን ያደርጋል? ፍላሽ ይይዛል። ፍላሹን ላብ ውስጥ ይሰካል፣ ቫይረስ ይገባበትና ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ይመለሱለታል። ወይ ፈተናውን በቴሌግራም ለራሱ ይልካል፣ ስልኩ በሰው እጅ ሲገባ ፈተናውም አብሮ ይገባል። ከዚያ ጥያቄ ወጣ ተብሎ ስብሰባ ሲጠራ የሚገሠጸው መምህሩ ነው። በሩን የዘጋብን ሰው ስብሰባው ላይ እንኳ አይገኝም።

አድሚን ሁሉን መክፈት መቻሉን አውቃለሁ፣ ሰርቨር ሲበላሽ ማን ያስተካክለው? ግን መቻልና መግባት አንድ ነው እንዴ? የተማሪ ጉዳይ ያለበትን ፎልደር ባለቤቱ ሳይፈቅድ ለምን ይከፍታል? ዊንዶውስ ሰርቨር ማን የትኛውን ፋይል መቼ እንደከፈተ መመዝገብ ይችላል፤ ያ ምዝገባ እንዲበራና ከአይቲ ክፍል ውጭ ያለ ሰው እንዲያየው እጠይቃለሁ። በጽሑፍ ነው የማስገባው። የዲፓርትመንቴ ሰዎች፣ ይህን ካነበባችሁ አብራችሁኝ ፈርሙ፣ እናንተም ተዘግቶባችኋል።

ለአሁኑ ግን ልጆቹ የመጀመሪያውን ገጽ አይተዋል። ስንቱን እንዳነበቡ እግዜር ይወቅ። ያላየው ልጅ ላይ መፍረድ አልችልም፣ ስለዚህ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ ሌላ ፈተና አወጣለሁ።