የጎመኑን ውሃ አትድፉ፣ ሎሚውን ፊታችሁ ላይ አትፈትጉ

የጅማ ሰዎች፣ ስሙን። ከሂርማታ ገበያ ጎመን፣ አቮካዶና ሎሚ በዘንቢል ሞልታችሁ ትገባላችሁ። ጎመኑን ቀቅላችሁ ውሃውን ትደፋላችሁ፣ አቮካዶውን ፊታችሁ ላይ ትለቀልቃላችሁ፣ በሎሚው ማድያታችሁን ትፈትጋላችሁ። ከዚያ ቆዳችን ደረቀ፣ ጠቆረ ብላችሁ ምን እንዳለበት የማይታወቅ ክሬም ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ትዞራላችሁ። የቆዳችሁ ምግብ እኮ ዘንቢሉ ውስጥ ነበር።

ከጎመኑ እንጀምር፤ ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው እሱ ላይ ነው። ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ሲሆን ሰውነት ይህን ፕሮቲን በወጉ ለመሥራት ቫይታሚን ሲ ያስፈልገዋል። ቫይታሚኑ ሲጓደል ድድ ይደማል፣ ቁስል አልድን ይላል፣ በጸጉር ሥር ዙሪያ ደም የቋጠሩ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። ለአዋቂ ሴት በቀን 75፣ ለወንድ 90 ሚሊግራም ይበቃል። ችግሩ ቫይታሚን ሲ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ እሳትም ያጠፋዋል። ጎመኑን ከትፋችሁ ካጠባችሁ በኋላ፣ በብዙ ውሃ ለረጅም ጊዜ አፍልታችሁ፣ ጨምቃችሁ ስትደፉት አብዛኛውን ቫይታሚን ሲ ደፋችሁ፤ ፎሌት የሚባለው የቢ ቫይታሚንም አብሮት ይሄዳል።

እንዲህ አድርጉ። ቅጠሉን ሳትከትፉ በፊት እጠቡ። አገዳውን ለይታችሁ በስሱ ክተፉ፤ ቶሎ የማይበስለው እሱ ነው። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላሉ፣ አገዳውን ቀድማችሁ ጨምሩ፣ ቅጠሉን አስከትሉ፣ ከአንድ ሲኒ ያልበለጠ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ ክደኑት። አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ አውርዱት። ቃሪያውን ከወረደ በኋላ ጥሬውን ጣል አድርጉበት፣ ሎሚም ጭመቁበት። የሎሚው ቫይታሚን በጎመኑ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። በየጓሮው የሚረግፈው ዘይቱንም ከብርቱካን የሚበልጥ ቫይታሚን ሲ ስላለው ለልጆቻችሁ ስጡት።

ዘይቱን አትሰስቱ። በጎመን፣ በካሮት፣ በዱባና በማንጎ ውስጥ ያለው ካሮቲን በሰውነት ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ ይለወጣል፤ የቆዳ ሕዋሳት በሥርዓት እንዲታደሱ የሚያደርገውም ይኸው ቫይታሚን ነው። ሲጎድል በክርንና በጭን ላይ እንደ አሸዋ የሚሻክር ሽፍታ ይወጣል፣ ማታ ማታ ደግሞ ዳፍንት ይመጣል። ካሮቲን ያለ ቅባት ከአንጀት ወደ ደም በደንብ አያልፍም። አቮካዶውን ከፊታችሁ ይልቅ ከጎመኑ አጠገብ አድርጉት የምንለው ለዚህ ነው፦ ግማሽ አቮካዶ ከአትክልት ጋር ሲበላ የሚገባው የካሮቲን መጠን ከእጥፍ በላይ ይጨምራል። የኑግ ዘይት ያላችሁ ደግሞ ቆዳ ውሃውን እንዳያባክን የሚጠብቀው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል ቅባት ሞልቶላችኋል።

ሎሚ ፊት ላይ ሲቀባና ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አለው። መጀመሪያ ይቀላል፣ አንዳንዴም ውሃ ይቋጥራል፣ ሲድን ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ማድያትን ላጥፋ ብላ በሎሚ የምትፈትግ ሴት ሌላ ማድያት እየጨመረች ነው።

አሁን ወደ ቡናው። የቡና አገር ሰዎች ናችሁና ቡና ተዉ አንላችሁም። እንዲያውም ቡና ሲቆላ ኒያሲን የሚባለው የቢ ቫይታሚን ይፈጠርበታል፤ ከዚህ በታች የምናነሳው እሱኑ ነው። ጥፋቱ ሰዓቱ ላይ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ከምግቡ የሚገኘውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከምግብ አንድ ሰዓት አስቀድሞ የተጠጣው ምንም አልጎዳም፤ አንድ ሰዓት ዘግይቶ የተጠጣው ግን ከምግቡ ጋር እንደተጠጣው እኩል ጎዳ። ስለዚህ አቦሉን ከምሳ በፊት አስቀድሙት፣ ወይም ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል አቆዩት። ነፍሰ ጡሮችና የወር አበባ የሚበዛባችሁ ሴቶች ይህን ነገር አትናቁት፤ ብረት ሲያንስ ፊት ይገረጣል፣ ጸጉር ይረግፋል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ጥፍር እንደ ማንኪያ ይጎደጉዳል።

የከንፈራችሁ ጥግ በሁለቱም በኩል ሲሰነጠቅ ምች ነው ብላችሁ በዳማ ከሴ ብቻ አትለፉት። የብረት ወይም ወተት፣ እንቁላልና ጉበት ውስጥ የሚገኘው የቫይታሚን ቢ2 እጥረት ሊሆን ይችላል።

የበቆሎ ገንፎና ቂጣ ብቻ እየበላችሁ የምትከርሙ ተጠንቀቁ። የበቆሎ ኒያሲን ታስሮ ስላለ ሰውነት አያገኘውም። እጥረቱ ሲጠና ፔላግራ የሚባል በሽታ ይሆናል፦ ፀሐይ የሚነካው ቆዳ፣ የእጅ ጀርባና እንደ ሐብል በአንገት ዙሪያ ያለው፣ ጠቁሮ ይሻክራል፤ ተቅማጥ ይከተላል፣ ሲብስ አእምሮን ይነካል። በቆሎውን ከባቄላ፣ ከለውዝ ወይም ከእንቁላል ጋር ብሉት። ለውዝ በ100 ግራም 12 ሚሊግራም ያህል ኒያሲን አለው። የእንጀራ ሊጥም ሳይቦካ አትጋግሩ፤ መቡካቱ ብረትንና ቁስል የሚያድነውን ዚንክ ጠፍሮ የያዘውን ንጥረ ነገር ይሰብረዋል። የዱባ ፍሬም አትጣሉ፤ ዚንክ አለውና ቆልታችሁ ቁርጥም አድርጉት።

ስለ ክኒኑ፦ «ለጸጉር፣ ለቆዳና ለጥፍር» ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን በአንድ ፍሬ 5,000 ወይም 10,000 ማይክሮግራም ይይዛል፤ የአዋቂ ፍላጎት በቀን 30 ብቻ ነው። ትርፉ የታይሮይድንና የልብ ምርመራን ውጤት ያሳስታል፤ የምትወስዱ ከሆነ ለምርመራ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ። የቫይታሚን ኤ ክኒን የባሰ ነው። በቀን ከ3,000 ማይክሮግራም በላይ መውሰድ ለነፍሰ ጡር በፅንሱ ላይ የአካል ጉድለት ሊያመጣ ይችላል። ከቅጠልና ከዱባ የሚገኘው ካሮቲን ግን ይህ አደጋ የለበትም።

እህቶቻችን፣ የሚያቀላውን ክሬም ጣሉት። ብዙው ክሎቤታሶል የሚባል ብርቱ መድኃኒት፣ አንዳንዱም ሜርኩሪ አለበት። ክሎቤታሶል ቆዳን ያሳሳል፣ የደም ሥሮችን ያወጣል፣ በብጉር ይሞላል፤ ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል። ለወራት የተቀባችሁ ከሆነ ድንገት ማቆም ፊትን ስለሚያነድድ አወራረዱን የቆዳ ሐኪም ይንገራችሁ። ጭርትና ቋቁቻም በፈንገስ የሚመጡ ናቸው፤ የጅማ እርጥበትና ሙቀት ደግሞ ይስማማቸዋል። በቫይታሚን አይድኑም፣ ክሎቤታሶል ሲቀባበት ደግሞ ጭርቱ መልኩን ቀይሮ ይስፋፋል።

አመጋገብ ያስተካከለ ሰው በሳምንት ለውጥ አይጠብቅ፤ የላይኛው ቆዳ ለመታደስ አንድ ወር ያህል ይፈልጋል። አንድ ነገር ግን አንድ ቀንም አያድርም፦ የሕፃኑ እግር ካበጠ፣ ቆዳው እንደ አሮጌ ቀለም እየተላጠ ከመጣ፣ ጸጉሩ ሳስቶ ከቀላ፣ ያ የከፋ የምግብ እጥረት ነው። ቅቤ መቀባቱን ትታችሁ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።