ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

«የሚሟሟ ክር ያው የሚሟሟ ክር ነው። ውሃም እንደሆነ የትም ይፈላል። ክር ፈላ ውሃ ውስጥ ለመንከር ደግሞ ምን ሥልጠና ያስፈልጋል?»

ይህን የተናገሩት ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ ስለ መንዝ ሱፍ በተደረገ ስብሰባ መድረኩን የመሩት ኃላፊ ናቸው። አዳራሹ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳይበርድ ውሳኔው ተነበበ። የሚሟሟ ክር ከሱፍ ጋር ተሸምኖ ኋላ በውሃ ሟሙቶ የሚወጣ አጃቢ ክር ነው፤ እሱን በኬሚካል አክሞ እንደየሥራው ጠባይ ለማዘጋጀት ለፈታዮችና ለሸማኔዎች ታስቦ የነበረው ሥልጠና ተሰርዟል። በምትኩ «በ90 ዲግሪ የሚሟሟ» የሚል ምልክት የተለጠፈበት አንድ ዓይነት ዝግጁ ክር ከውጭ ተገዝቶ ለማኅበራቱ ይታደላል።

ዕድሜዬን በማቅለሚያ ክፍል እንፋሎት ውስጥ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ እጄን ደጋግሜ ባነሣም የመናገር ዕድል አላገኘሁም። እዚያ ያልተናገርኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ውሃ የትም ይፈላል፤ እውነት ነው። የትም በአንድ ዓይነት ሙቀት ግን አይፈላም። በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ነው። ወደ ደጋ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃውም በቂ ሙቀት ሳይዝ መንፈቅፈቅ ይጀምራል። በየ300 ሜትሩ በግምት አንድ ዲግሪ ይጎድላል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የመንዟ ከተማ መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ እዚያ ወደ 90 ይወርዳል። ጣርማበርን አልፈው፣ ቁልቁለቱን ጨርሰው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ደግሞ ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ነውና ውሃው እስከ 96 ይሄዳል። በአንድ ዞን ውስጥ፣ በአንድ ቀን ጉዞ፣ በሁለት የፈሉ ድስቶች መካከል የ6 ዲግሪ ልዩነት አለ ማለት ነው።

አንዴ ከፈላ ወዲያ ማገዶ ቢቆልሉበት ክፍት ድስት አንዲት ዲግሪ አይጨምርም፤ የሚጨምረው እንፋሎቱ ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ የፊዚክስ ዲግሪ አያስፈልግም። ልጇን ቆላ ድራ፣ ልትጠይቅ ሄዳ የባቄላ ንፍሮ የጣደች የመንዝ እናት ሁሉ ታውቀዋለች። በአገሯ ግማሽ ቀን ከጉልቻ የማይወርደው ባቄላ እዚያ ቶሎ ሲበስልላት በዓይኗ አይታለች። አዳራሹ ውስጥ እንዲህ ያሉ እናቶች ነበሩ። ማንም አልጠየቃቸውም።

እንግዲህ ምልክቱን እንመልከት። «በ90 ዲግሪ የሚሟሟ» ማለት ቴርሞሜትሩ 90ን በነካ ቅጽበት ክሩ ይጠፋል ማለት አይደለም። ሙቀቱ እስከ ጨርቁ እምብርት ዘልቆ ሳይወርድ መቆየት አለበት። ለደብረ ብርሃን ድስት ያለን ትርፍ አንድ ዲግሪ ነው። ለመሐል ሜዳ ምንም ትርፍ የለም። ቀዝቃዛና ከባድ የሱፍ ጨርቅ ድስቱ ውስጥ ሲገባ የሚወርደውን፣ ከጓሮ የሚነፍሰው የደጋ ንፋስ የሚወስደውን ማን ቆጠረው? ፋብሪካ በተዘጋ ማሽን፣ በግፊት፣ ውሃን ከ100 ዲግሪ በላይ ያሞቃል፤ እዚያ ከፍታው ለውጥ የለውም። ይህን አምናለሁ። ውሳኔው ግን የተወሰነው ለፋብሪካ ሳይሆን ጉልቻ ላይ ለተጣደ ድስት ነው።

የምናገረው ከመጽሐፍ ቀድቼ አይደለም። ባለፈው ዓመት ከአንድ ነጋዴ ይህንኑ ባለ90 ክር ገዝቼ ከመንዝ ሱፍ ጋር አስፈተልኩ፣ አሸመንኩ፣ ጓሮዬ ውስጥ ጣድኩ። ቴርሞሜትሩ 91ን ነካ አልነካ እያለ እዚያው ቆመ። ጨርቁን ሳስገባው 86 ወረደ፤ እንደገና እስኪያንሠራራ ብዙ ቆየ። ክሩ አልሟሟም፤ ተኮማተረ። የዚህ ክር ጠባይ ነው፤ በመጀመሪያ ይኮማተራል፣ ቀጥሎ እንደ ሙጫ ይልፈሰፈሳል፣ መሟሟቱ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። የእኔው መንገድ ላይ ቀረ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቀቅዬ ያወጣሁት ጨርቅ እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ነገር ነበር። ሲደርቅ እንደ ጣውላ ደረቀ። የፈታይዋን ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩ። ሱፉን ግን ከክሩ መለየት አልተቻለምና ጣልኩት። ማኅበራቱ ይህንኑ ሊደግሙት ነው፤ በካርቶን ሙሉ፣ በውጭ ምንዛሪ፣ በጭብጨባ!

ይህ ክር ለሱፍ ምን እንደሚሠራለት በአጭሩ ልበል። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ነው። ሽመናውን እንዲችል ፈታይዋ አጥብቃ ታከረዋለች፤ በከረረ ቁጥር ደግሞ ባናው፣ ማለትም የሱፍ ብርድ ልብሱ፣ ይደድራል፣ አንገት ይበላል። የሚሟሟው ክር አጃቢ ነው። ላልቶ በተፈተለው ሱፍ ላይ ተጠምጥሞ ድሩንና ማጉን ያሻግረዋል፤ ሽመናው ሲያልቅ በውሃ ሟሙቶ ይወጣል፣ የላላው ሱፍ ብቻውን ይቀራል። በሌላው ዓለም እጅግ ከሚለሰልሱት የጥጥ ፎጣዎች አንዳንዶቹ በዚሁ ዘዴ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ አጃቢው በሰዓቱ መውጣት አለበት። ካልወጣ ከእነ አካቴው ባይገባ ይሻል ነበር።

አሁን ወደ «ያው የሚሟሟ ክር ነው» እንመለስ። ከስብሰባው ንግግር ሁሉ ያናደደኝ ይህ ነው። ክሩ ፖሊቪኒል አልኮል ከተባለ ፖሊመር፣ ማለትም እንደ ሰንሰለት ከተቀጣጠለ ረጅም ሞለኪውል፣ ይሠራል። አሠራሩ ዞር ያለ ነው። ቪኒል አሴቴት በመጀመሪያ እንደ ሰንሰለት ይቀጣጠላል፤ ከዚያ አሴቴቱ ከሰንሰለቱ ላይ ይላጣል፣ በቦታውም ውሃ ወዳድ የሆነው የአልኮል ክፍል ይተካል። 88 ከመቶ ያህሉ ብቻ ሲላጥ ክሩ በቀዝቃዛ ውሃ ይሟሟል። 98 ወይም 99 ከመቶ ሲላጥ ግን ሙቅ ውሃ ካልሆነ አይበግረውም። ውሃ ወዳዱ ክፍል በበዛ ቁጥር መሟሟቱ የሚከብደው ለምንድን ነው? ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተቃቅፈው ውሃውን ስለማያስገቡት ነው። የቀረው ጥቂት አሴቴት በመካከላቸው እንደ ሽብልቅ ገብቶ ያራርቃቸው ነበር። ክሩ ተወጥሮ በደረቅ ሙቀት ሲታከም ደግሞ ይበልጥ ይጠጋጋሉ። በገበያ ላይ በ20 ዲግሪ የሚሟሟም፣ በ60 የሚሟሟም፣ በ90 የሚሟሟም ክር ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ሁሉም የአንድ ፖሊመር ልጆች ናቸው። የሚለያያቸው አያያዛቸው ነው፤ የተሰረዘው ሥልጠናም ይህንኑ አያያዝ ሊያስተምር ነበር።

የዚህ ክር ታሪክ ራሱ የአያያዝ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ኮሪያዊው ሪ ሱንግ ጊ ከጃፓናዊው ኢቺሮ ሳኩራዳ ጋር በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሆነው በውሃ የሚሟሟውን ይህን ክር ፎርማልዴሃይድ በተባለ ኬሚካል አክመው ሙቅ ውሃ የማይደፍረው የልብስ ክር አደረጉት። ቪናይሎን የተባለው ነው። ኩራሬ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1950 በፋብሪካ ደረጃ ማምረት ጀመረ። ሪ ወደ ሰሜን ኮሪያ ሄደ፤ በ1961 ሃምሁንግ ላይ ግዙፍ የቪናይሎን ፋብሪካ ተከፈተ። ዛሬ የዚሁ ፖሊመር ክር ኮንክሪት ውስጥ ገብቶ ስንጥቅ ይይዛል፤ ሲሚንቶው በለሚ የሚመረትለት የኛ ሕዝብ ይህን ቢሰማ ይጠቅመዋል። ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ የበሽተኛ አንሶላ የሚከተትበት ከረጢት ሆኖ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ይሟሟል። ኮንክሪት ውስጥ ለዘመናት የሚቀመጠውንና ማጠቢያ ውስጥ የሚጠፋውን «ያው ነው» ብሎ መናገር ቆርበትንና የለፋ ቆዳን አንድ ነው እንደማለት ነው።

የለፋ ቆዳ ካነሣሁ አይቀር፣ አንድ ሌላ ተናጋሪ «የአባቶቻችን ባና ኬሚካል አያውቅም» ብለው ነበር። አባቶቻችን ደበሎ ይለብሱ ነበር። ያልለፋ ቆዳ ውሃ ሲነካው ይበሰብሳል፤ የለፋው አይበሰብስም። ልፋቱ ምንድን ነው? ከዕፅዋት በተገኘ ቅመም የቆዳውን ክሮች እርስ በርስ ማቆላለፍ ነው። ክርን ማከምም ከዚህ የራቀ ነገር አይደለም። ደግሞስ ከውጭ የሚገዛው ዝግጁ ክር ከሰማይ የወረደ መና ነው? እሱም ከጫፍ እስከ ጫፍ ኬሚካል ነው፤ የታከመው ግን እኛ ባላየነው ቦታ፣ ለእኛ ባልታሰበ ድስት ልክ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሱፍ በፈላ ውሃ እያማሰሉ ሲቀቅሉት ይተሳሰራል፣ ይጠባል፣ ይደድራል። ለማለስለስ የተነሣንበትን ሱፍ በገዛ ድስታችን ልናሻክረው ነው። ለሱፍ የሚስማማው ለብ ባለ ውሃ የሚሟሟ ክር ነው። «እንግዲያስ በቀዝቃዛ ውሃ የሚሟሟውን ግዙ» የሚል ይኖራል። በሐምሌና በነሐሴ፣ የጣርማበር ጭጋግ ቤት ድረስ በሚገባበት ወቅት፣ ያ ክር ገና መወርወሪያው ላይ እያለ በሸማኔው እርጥብ እጅ ይጣበቃል። «ባለ60ውን ግዙ» ከተባለ ይገዛ፤ ከ90ው መቶ ጊዜ ይሻላል። ግን የሸዋ ሮቢቱ የጥጥ ሸማኔና የመሐል ሜዳዋ የሱፍ ፈታይ፣ የበጋው ሥራና የክረምቱ ሥራ፣ በአንድ ካርቶን አይስተናገዱም።

መፍትሔው ዝቅ ባለ ሙቀት የሚሟሟውን ገዝቶ እዚሁ በልክ ማጠንከር ነው። ቦራክስ የተባለው ማዕድን የፖሊመሩን ሰንሰለቶች ያቆላልፋል። ክሩ ገና ሲነከር እንዳይሟሟ ሶዲየም ሰልፌት በተባለው ጨው የጠገበ ውሃ ይዘጋጅለታል፤ በዚያ ጨው ውስጥ ይህ ክር አይሟሟም። ቁልፉ ደግሞ በአሲድ ይከፈታል፤ ኮምጣጤ ይበቃዋል። ሱፍ የሚፈራው አልካሊን፣ እንደ አመድ ውሃ ያለውን፣ ነው፤ ቀላል አሲድ አይጎዳውም። ማቅለሚያ ቤት ስንሠራ ሱፍ የምናቀልመው በአሲድ ነበር። በጥቂት ጥቅል ክር ጓሮዬ ውስጥ ሞክሬዋለሁ፤ ክሩ እርጥበቱን ችሎ ቆየ፣ ለብ ያለ ውሃና ኮምጣጤ ሲያገኝ ለቀቀ። መሐል ሜዳም ላይ እንደሚሠራ አንዲት ጥርጣሬ የለኝም፤ ምክንያቱም ይህ ዘዴ ውሃው በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ አይጠይቅም።

ክር በኬሚካል ይታከም ሲባል ፎርማልዴሃይድን ፈርተው የሚቃወሙኝ አሉ፤ በዚህ ከእነሱ ጋር እስማማለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው ነገር ነው፤ ከሰው መኖሪያ ቤት ደጃፍ መድረስ የለበትም። እጣቢው የደብረ ብርሃኑን የበሬሳ ወንዝ ይበክላል ብለው የተጨነቁትም የሚያከራክር ነገር አላነሡም። የሟሟ ክር ጠፋ ማለት አይደለም፤ ውሃው ውስጥ አለ። ወንዙን ግን የሚያድነው ዝግጁ ክር መግዛት አይደለም፤ ዝግጁውም ሲሟሟ የሚሄደው እዚያው ነው። በዚያው ቦራክስና በዚያው ጨው የሟሟውን ፖሊመር ከእጣቢው ውስጥ መልሶ ማርጋትና መሰብሰብ ይቻላል። ይህንንም ቢሆን የሚያውቀው የሠለጠነ ሰው ነው፤ ካርቶን የታደለው አያውቀውም።

ግዢው ገና አልተፈጸመም ተብሏል። ከመፈጸሙ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከዚያ ክር ናሙና ይምጣ፤ መሐል ሜዳ ላይ፣ ፈታዮቹ ባሉበት፣ ክዳን የሌለው ድስት ይጣድ። ኃላፊውም ይገኙ። ቴርሞሜትሩን እኔ አመጣለሁ።