ሽንት መቋጠር ጨዋነት አይደለም

«እረፍት እስኪደርስ ቻል!» ክፍል ውስጥ ለልጅ፣ ማምረቻ ቤት ለሠራተኛ፣ ረጅም መንገድ ላይ ለተሳፋሪ የሚሰጥ መልስ ነው። ተናጋሪው ጉዳዩን የትዕግሥት ፈተና አድርጎ ያየዋል። የፊኛን አሠራር የሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ ሊል አይችልም።

ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ከዚያ ውስጥ 99 በመቶ ያህሉን ወደ ደም መልሰው ከ1 እስከ 2 ሊትር የሚሆነውን ሽንት አድርገው ያስቀራሉ። ሽንቱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር በሚረዝሙ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ፊኛ ይሄዳል። በራሱ ክብደት ብቻ አይንቆረቆርም፤ የቱቦዎቹ ግድግዳ በደቂቃ ውስጥ ጥቂት ጊዜ እየተኮማተረ ይገፋዋል፤ ስንተኛም ፊኛችን የሚሞላው ለዚህ ነው። ቱቦዎቹ የፊኛውን ግድግዳ በቀጥታ ሳይሆን በሰያፍ አልፈው ስለሚገቡ፣ ፊኛው ሲሞላ ግድግዳው ይጫናቸውና ሽንት ወደ ኩላሊት እንዳይመለስ ይዘጋቸዋል።

ፊኛ በአብዛኛው ዴትሩሰር ከሚባል ጡንቻ የተሠራ ከረጢት ነው። የአዋቂ ሰው ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይይዛል። የሚያስደንቀው እየተሞላ በውስጡ ያለው ግፊት እምብዛም አለመጨመሩ ነው፤ ጡንቻው እየላላ ቦታ ይለቅቃል። ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ሲደርስ የመጀመሪያው ስሜት ይመጣል። ያን ጊዜ ገና አያስቸኩልም፤ ሥራ ላይ የተጠመደ ሰው ይረሳዋል፤ ከዚያ በኋላ እየደጋገመና እየጠነከረ ይመለሳል።

መውጫው ላይ ሁለት በር አለ። የፊኛው አንገት ያለፈቃዳችን ይዘጋል፤ ከእሱ ዝቅ ብሎ ያለው ቀለበት መሰል ጡንቻ ግን በእኛ ትእዛዝ ሥር ነው። ለመሽናት ዴትሩሰር መኮማተር፣ ሁለቱም በሮች በዚያው ቅጽበት መላላት አለባቸው። ይህን የሚያቀናጀው በአንጎል ግንድ ውስጥ ያለ ማዕከል ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ባሪንግተን በድመቶች ላይ ባደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1925 አመላክቶታል። የፊተኛው አንጎል ደግሞ «አሁን ይቻላል» ወይም «ቆይ» ይላል። ሕፃን ይህን ፈቃድ የመስጠትና የመከልከል ችሎታ ለማዳበር ዓመታት ይፈጅበታል።

እንግዲህ ሽንት ስንቋጥር የታችኛውን ቀለበትና የዳሌ ወለል ጡንቻዎችን (ፊኛንና አንጀትን ከሥር የሚደግፉትን) እናጠብቃለን፤ ይህም ዴትሩሰርን ለጊዜው ዝም ያሰኘዋል። ጤነኛ ሰው አንድ ቀን ቢቋጥር ፊኛው አይበላሽም፤ ይህን ማጋነን አይገባም። ችግሩ ልማድ ሲሆን ነው። በተለይ ልጆች ሁልጊዜ ማጥበቅን የለመደ ጡንቻ ይኖራቸውና ሲሸኑም መላላት ያቅተዋል። ዴትሩሰር ይገፋል፣ በሩ ይገታል፤ ሽንት ተቆራርጦ ይወጣል፣ ጥቂቱም ይቀራል። የቀረው ሽንት ለባክቴሪያ ምቹ ነው። ግፊቱ ከበረታና ከቆየ ግድግዳው ይወፍራል፤ ሽንት ወደ ኩላሊት ሊመለስም ይችላል። የሆድ ድርቀት ያለበት ልጅ ደግሞ የሞላው አንጀት ፊኛውን ስለሚጫነው ይብስበታል፤ ልብሱ ላይ የሚያመልጠው ልጅ መቀጣት ሳይሆን ሆዱ መታየት አለበት።

ሌላው ጉዳት ብዙም አይወራለትም። ሽንት ቤት መሄድ የተከለከለ ሰው ውኃ መጠጣት ያቆማል። ሽንቱ ይወፍራል፣ ጠጠር የሚሠሩ ጨዎች ይጠራቀማሉ፣ ባክቴሪያን አጥቦ የሚያወጣው ፈሳሽም ያንሳል። የሴቶች የሽንት መውጫ ቱቦ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ፣ የወንዶች ግን ወደ 20 የሚጠጋ በመሆኑ፣ ኢ ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ሴቶችን ቶሎ ያጠቃል። ክልከላው በሁሉም ላይ እኩል አይከብድም።

400 ሚሊ ሊትር ሽንት ለማውጣት ጤነኛ ሰው ግማሽ ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ይህን ግማሽ ደቂቃ ከሠራተኛና ከተማሪ የሚቆጥብ ደንብ መሻር አለበት ብለን እናምናለን። በቀን እስከ 8 ጊዜ መሽናት፣ ሌሊትም እስከ 1 ጊዜ ለሽንት መነሳት የተለመደ ነው።

በተቃራኒው «ለማንኛውም» እያሉ በየግማሽ ሰዓቱ መሄድም ፊኛን በትንሽ መጠን መጮኽ ያስለምደዋል። ቶሎ ቶሎ የሚያስቸኩለው ሰው ለ3 ቀን የጠጣውንና የሸናውን በሚሊ ሊትር፣ ከነሰዓቱ ይመዝግብ፤ ለሐኪም ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ኢንፌክሽን አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ በሁለት ሽንት መካከል ያለውን ጊዜ በየሳምንቱ 15 ደቂቃ ገደማ ማራዘም ይቻላል። ይህ ራስ የሚመራው ልምምድ ነው፤ ከሌላ ሰው ክልከላ ጋር አይምታታ።

የአሸናን ሁኔታም ለውጥ ያመጣል። መቀመጫውን ሳይነኩ ተንጠልጥሎ መሽናት የዳሌ ጡንቻዎችን ስለሚያጠብቅ ሽንት ሊያስቀር ይችላል። ሙሉ በሙሉ ተቀምጦ፣ እግርን መሬት አስረግጦ፣ ሳያምጡ መጠበቅ ይሻላል። ቀረ የሚል ስሜት ካለ ትንሽ ቆይቶ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ መድገም ይጠቅማል።

ሲያስሉ ወይም ሲያስነጥሱ ሽንት ማምለጡ ከወሊድ በኋላ ብዙ ሴቶች በሐፍረት የሚደብቁት፣ ግን የሚታከም ነገር ነው። የዳሌ ወለልን ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ማጥበቅ፣ ለዚያው ያህል ማላላት፤ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር፣ ቢያንስ ለ3 ወር። ልምምዱ ሽንት እየወጣ በማቆም አይሠራ፤ አሟጥጦ መሽናትን ያውካል።

በሽንት ውስጥ ደም ከታየ፣ ሕመም ባይኖረውና አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንም መመርመር አለበት። ትኩሳትና የጎን ሕመም አብረው ከመጡ ኢንፌክሽኑ ኩላሊት ደርሶ ሊሆን ይችላል። ፕሮስቴታቸው (ከፊኛ ሥር ያለው የወንዶች እጢ) ያደገ ወንዶች አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒት ሲወስዱ ሽንታቸው በድንገት ሊዘጋ ይችላል፤ ሽንት ፈጽሞ እምቢ ብሎ ከእምብርት በታች ሲወጠር ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ተሄዶ በቀጭን ቱቦ መውጣት አለበት።