ማስተካከያ፦ የባርባራ ጆርዳን የምክር ቤት ታሪክ

አሜሪካዊቷ የሕግ ባለሙያና ፖለቲከኛ ባርባራ ጆርዳን አንዳንድ ጊዜ «ኮንግረስ የገቡ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት» እና «የአሜሪካ ሴናተር» ተብለው ይጠቀሳሉ፤ ሁለቱም ትክክል አይደሉም። (ኮንግረስ ሴኔትንና የተወካዮች ምክር ቤትን ያቀፈው የአሜሪካ ሕግ አውጪ አካል ነው።)

ኮንግረስ የገቡት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እ.ኤ.አ. በ1968 ከኒው ዮርክ የተመረጡት ሸርሊ ቺዝሆልም ናቸው። ጆርዳን የተመረጡት በ1972 ሲሆን፣ ከደቡባዊ ግዛቶች ለኮንግረስ የበቁ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት መሆናቸው ግን እውነት ነው፤ የዘር መድልዎው በበረታበት አካባቢ የተገኘ በመሆኑ ይህ ክብር በምንም መልኩ የሚያንስ አይደለም።

የሴናተርነቱ ስሕተት የመነጨው፣ በ1966 የተመረጡት ለቴክሳስ ግዛት ሴኔት (ለግዛቲቱ የራሷ ሕግ አውጪ እንጂ ለአገሪቱ ሴኔት ሳይሆን) ስለነበረ ይመስላል። በዋሽንግተን ያገለገሉት ከ1973 እስከ 1979 በተወካዮች ምክር ቤት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በ1959 ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቀው በሂዩስተን የጥብቅና ሥራ ሲጀምሩ ቢሯቸው የወላጆቻቸው የምግብ ጠረጴዛ ነበር፤ በ1962 እና በ1964 ለግዛቲቱ የተወካዮች ምክር ቤት ተወዳድረውም ተሸንፈዋል።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ (ጁላይ) 25 ቀን 1974 ያሰሙት ዝነኛ ንግግርም በፕሬዚዳንት ኒክሰን ላይ በሴኔት በተካሄደ ችሎት የቀረበ ተደርጎ ይወሳል። እንዲህ ያለ ችሎት አልነበረም፤ ኒክሰን በነሐሴ ወር ሥልጣን ለቀዋል። ጆርዳን ሕገ መንግሥቱ በ1787 ተረቅቆ ሲጠናቀቅ እርሳቸውን የመሰሉ ሰዎችን እንዳላካተተ አስታውሰው፣ በሰነዱ ላይ ያላቸው እምነት ግን ሙሉ መሆኑን የተናገሩት ኒክሰን ከሥልጣን እንዲነሱ ይከሰሱ እንደሆነ ይመረምር በነበረው በተወካዮች ምክር ቤት የሕግ ኮሚቴ ፊት፣ በኮሚቴ አባልነታቸው ነው።