ሰማይ ከጅራቱ ሲያዝ

ድሮ ስም ማውጣት ቀላል ነበር። ደስ ያለው «ደስታ» ይላል፣ ሰማይ የነካ የመሰለው «ሰማይነሽ» ይላል፣ አለቀ። ምን ያደርጋል! አንዴ ተጠርቶ የማይገባው ሰው የለም። ምስኪኗ ልጅ ስሟን ለማንም ሳታስረዳ ታረጃለች።

አሜሪካኖች፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ለዚህ መላ ዘየዱ። ሄቨን፣ ማለትም መንግሥተ ሰማያትን፣ ከጅራቱ ይዘው ወደ ራሱ ጻፉት፤ ኤን፣ ኢ፣ ቪ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኤች። «ነቬያ» ተብሎ ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ1999 በዚያ ሁሉ አገር ይህ ስም የወጣላቸው ሴት ሕፃናት 8 ብቻ ነበሩ። በ2000 የፒ.ኦ.ዲ. ባንድ ድምፃዊ ሰኒ ሳንዶቫል በኤምቲቪ ቴሌቪዥን ቤቱን ሲያስጎበኝ ሕፃን ልጁንም አሳየ፣ የስሟንም ምስጢር ገለጠ። ተመልካቹ ሶፋውን ትቶ ስሙን ይዞ ሄደ። በአገሩ የሴት ሕፃናት ስሞች ደረጃ በ2001 ስሙ 266ኛ፣ በ2005 ደግሞ 70ኛ!

እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቃቸው ግን ሲገለብጡ የተሳሳቱትን ነው። «ኤ» እና «ኢ» ቦታ ይለዋወጡባቸዋል። ያንን ስም መልሰው ቢገለብጡት ሰማይ አይሆንም፤ ከሰማይ በታች የትም የሌለ ነገር ነው። ቢሆንም ይህኛውም አጻጻፍ ከ1000ዎቹ የታወቁ ስሞች ተርታ ገብቷል። ሲሳሳቱም በኅብረት ነው፤ እንዲህ ያለ አንድነት ለእኛም በሰጠን።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ ታዲያ ከሰው ታንሳለች? ልጇን ነቬያ አለቻት። አያታችን አዲስ አበባ ሆነው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈዋል።

«ነይ በያ? ማንን ነው ነይ የምላት?»

«ስሟ ነው እማማ። ሰማይ ማለት ነው፣ ተገልብጦ።»

«ምን አግኝቶት ተገለበጠ?»

ስሙ ማማሩ እዚህ ላይ ነው። «ሰማይነሽ» ቢባል ኖሮ ወሬው በአንድ ደቂቃ ባለቀ ነበር። አሁን ግን ልጅቷ አስተማሪ፣ ነርስና ቡና ሻጭ ባገኛት ቁጥር ፊደል ስትቆጥር ትኖራለች፤ ብቸኝነት የሚባል ነገር አያገኛትም።

ሁለተኛዋ ስትፀነስ የአክስቴ ልጅ ደወለች። «የአሁኗ እንኳ ባህሏን እንዳትረሳ፣ በአማርኛ ገልብጥልኝ» አለችኝ። እስክሪብቶ አነሣሁ። «ሰማይ» ሲገለበጥ «ይማሰ» ወጣው። የመጨረሻዋ ፊደል ትንሽ ከሳሳች «ይማስ» ነው፣ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ዓይነት። ተውኩት። «ሰላም»ን ሞከርኩ፤ «ምላሰ»። ለቀልድ ብዬ በቴሌግራም ላክሁላት።

ወዲያው መለሰች፤ «ውይ ሲያምር! እስካሁን ያወጣው ሰው አለ እንዴ?»

ለእማማ ማን እንደሚነግራቸው ገና አልተስማማንም።