ድረ ገጻችን ተመረቀ፣ እልል በሉ!

እንኳን ደስ አለን! አንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ ድረ ገጹን አስመርቋል። ሪባን ተቆርጧል። (ሪባን የሚታሰረው ድረ ገጹ የቱ ጋ ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እንደምንም ፈልገው አስረውታል።) ኬክ ተቆርሷል፣ ንግግር ተደርጓል፣ ፎቶ ተነስቷል፣ ፎቶውም እዚያው ትኩስ በትኩሱ ተለጥፏል። ፌስቡክ ላይ።

እንደ እኛ ድረ ገጽ የሚያከብር ሕዝብ እስቲ አሳዩኝ። ሌላው ዓለም በየቀኑ ይነካካዋል፣ ይጽፍበታል፣ ይሰርዝበታል። እኛ ግን ቡፌ ውስጥ እንደተደረደረ የእንግዳ ብርጭቆ ነው የምንይዘው፣ ማንም እንዲነካው አንፈቅድም። "አዳዲስ ዜናዎች" በሚለው ሥር አንድ ዜና ብቻውን ተቀምጧል። ርዕሱ "ድረ ገጻችን ተመረቀ" ይላል። ከዚያ ወዲህ ዜና ከሌለ መሥሪያ ቤቱ ሰላም ነው ማለት ነው፣ ተመስገን ነው።

ጨረታው ላይ የተጠየቀው "ለመሥሪያ ቤቱ ብቻ ተብሎ ከዜሮ የተሠራ፣ ዘመናዊ፣ ማራኪ፣ ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ" ድረ ገጽ ነበር። ከዜሮ! ዝቅተኛ ዋጋ ሰጥቶ ያሸነፈው ልጅም ቤቱ ገብቶ ዎርድፕሬስ የሚባለውን ዝግጁ የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ጫነ። ዎርድፕሬስን ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል የሚባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ለዓለም በነፃ የለቀቁት ነው፤ ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በእሱ ነው የሚሠሩት። የምሬን ነው፣ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ነውሩ እሱ ላይ አይደለም። "በአምስት ደቂቃ ይጫናል" እየተባለ ሲፎከርበት ኖሯል። የእኛ ውል ግን ስድስት ወር ነው። አምስቱ ደቂቃ ለጭነቱ፣ የቀረው ለሎጎው። "ትንሽ ተለቅ ይበል።" ተለቀ። "አሁንም ተለቅ ይበል።" ይህን ለመወሰን የማኔጅመንት ስብሰባ ተጠራ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ሻይና ቆሎ ቀረበ።

ቴምፕሌቱ፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የገጹ ንድፍ፣ ደግሞ በጥቂት ዶላር ይገዛል፣ ዶላር ግን ከየት ይምጣ? ስለዚህ ክራክ የተደረገው ከአንድ የቴሌግራም ቻናል ወረደ። እንዲህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ ለሌባ የሚሆን የኋላ በር አብሮት በምርቃት ይመጣል። ለሁሉም ክፍት የሆነ ተቋም ማለት ይኸው ነው።

በሉ እንክፈተው። ይሽከረከራል። አሁንም ይሽከረከራል። ፎቶዎቹ ከካሜራ እንደወጡ፣ መጠናቸው ሳይቀነስ ነው የተጫኑት፣ ስለዚህ የሞባይል ዳታ ያለው ሰው ፓኬጁንም ትዕግሥቱንም ይፈተናል። መጀመሪያ ላሊበላ ይመጣል። መሥሪያ ቤቱ ከላሊበላ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፣ ግን ያምራል። ቀጥሎ ሕንፃው። ቀጥሎ ከመስታወት ፎቅ ሥር ቆመው እጅ ለእጅ የሚጨባበጡ ፈረንጆች። የሥራ ባልደረቦቻችን መሆን አለባቸው፣ ምናልባት የማናውቀው ቅርንጫፍ አለ።

ወረድ ሲሉ "የዋና ሥራ አስኪያጁ መልእክት"። ሰውየው ከቦታው ከተነሱ ቆይተዋል፣ መልእክታቸው ግን ወንበሩን አልለቀቀም። ከዚያ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች፤ ከእሴቶቹ አንደኛው "ተገልጋይ ተኮርነት" ይላል። ተገልጋዩ ደግሞ ይህን ሁሉ አልጠየቀም። ምን ምን ይዤ ልምጣ፣ ስንት ይከፈላል፣ ቅዳሜ ትሠራላችሁ፣ በቃ። ለዚህም "አገልግሎቶቻችን" የሚል አለላችሁ። ሲጫኑት ምን ይወጣል? "ሎሬም ኢፕሰም ዶሎር ሲት አሜት።"

ይህን አይቶ የሚያማ ሰው ይገርመኛል። እውነተኛው ጽሑፍ እስኪመጣ ቦታ መያዣ የሚደረግ፣ ከሮማዊው ሲሴሮ ጽሑፍ ተቆራርጦ የተወሰደ ላቲን ነው እኮ፣ ዕድሜው ከ2000 ዓመት ይበልጣል! ደንበኛውን በላቲን የሚያስተናግድ ሌላ ተቋም ካለ ንገሩኝ። ደግሞ ልጁ ላይ አትፍረዱ። ጽሑፍ ላኩልኝ ብሎ ስንት ጊዜ ለምኗል መሰላችሁ።

"ጋሼ፣ የአገልግሎቶቹን ዝርዝር እየጠበቅኩ ነው" ይላል ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ደውሎ።

"አንተ ባለሙያ አይደለህ እንዴ? ለጊዜው የሆነ ነገር አድርግበትና እናየዋለን።"

አደረገበት። እስካሁን አላዩትም።

አማርኛ ለሚፈልግም ታስቦበታል። ላይኛው ጥግ ላይ ባንዲራ ያለው "አማርኛ" የሚል ቁልፍ አለ። ሲነኩት ገጹ ትንሽ ያስብና ያንኑ እንግሊዝኛ መልሶ ያቀርባል። አንድ ገጽ ግን በእርግጥ በአማርኛ ተጽፏል፤ ጸሐፊው በለመደው በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በፓወር ግዕዝ ከትቦ ለጥፎት፣ አሁን የሚታየው የዶላር ምልክት፣ ቅንፍ፣ ነጠላ ሰረዝና እግዜር የሚያውቀው ጭረት ነው። ፊደላችን የኮምፒውተሮች ሁሉ የጋራ የፊደል መለያ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ቢሆንም ምን ያጣድፈናል?

ቅጽ ማውረድም ይቻላል። ቅጹ ማህተም የተመታበት ወረቀት ነው፣ በስልክ ፎቶ የተነሳ፣ ወደ ጎን የተጋደመ። የሚነበበው አንገት አጣሞ ነው። ጥግ ላይ የአንሺው አውራ ጣት አለች፣ ከሁሉ ጥርት ብላ የወጣችው እሷ ናት።

"ያግኙን" የሚለው ገጽ ላይ ካርታው የሚያሳየው ሜልቦርንን ነው፤ ከቴምፕሌቱ ጋር እንደመጣ ማንም አልነካውም። ኢሜይሉ ጂሜይል ነው፣ የራስን ዶሜይን (የድረ ገጹን አድራሻ) ማድከም ለምን? ፎርሙን ሞልታችሁ ብትልኩ መልእክታችሁ በሰላም ይደርሳል። የሚደርሰው ግን ለሠራው ልጅ ነው።

የሠራው ልጅ ደግሞ ስልክ አያነሳም። የይለፍ ቃሉ እሱ ጋ ነው፣ ዶሜይኑም በእሱ ስም ነው። የአይሲቲ ክፍሉ አንድ ሰው ነው፣ ቀኑን ሙሉ ፕሪንተር ሲፈታ የሚውል። ብትጠይቁት "ዌብሳይቱን ማንም አላስረከበኝም" ይላችኋል፣ አልዋሸም። ርክክቡ የተፈጸመው ለንብረት ክፍል ነው፣ በሞዴል 19። "ድረ ገጽ፣ ብዛት 1፣ ሁኔታው አዲስ።"

ሶፍትዌሩን ማደስ የሚባል ነገርም የለም፣ የሚሠራን ነገር ማን ይነካል? እ.ኤ.አ. በ2016 የባለጸጎችን ስውር ኩባንያዎች ያጋለጡት የፓናማ ሰነዶች ከአንድ የሕግ ቢሮ ሾልከው ሲወጡ የደህንነት ባለሙያዎች የሕግ ቢሮውን ድረ ገጽ መረመሩና ዎርድፕሬሱ ላይ ቀዳዳው የታወቀ ያረጀ የስላይደር ፕለጊን (ፎቶ የሚያፈራርቅ ተጨማሪ ፕሮግራም) አገኙ፤ ሰርጎ ገቡ በዚህ ገብቶ ሊሆን ይችላል አሉ። እነሱ እንኳን ይደንግጡ፣ የሚደበቅ ነገር ነበራቸው። እኛ ምን ቸገረን? ሌባ ቢገባ ሎሬም ኢፕሰሙን ተሸክሞ ይወጣ።

ገባም። አንድ ቀን ጠዋት ገጹ ሲከፈት ከላይ እስከ ታች የቁማር ማስታወቂያ ሆኖ ተገኘ። መሥሪያ ቤቱም ከተመሠረተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በየዕለቱ የሚታደስ፣ ፈጣን፣ ያለ ስህተት የሚሠራ ድረ ገጽ ባለቤት ሆነ። ሦስት ሳምንት ቆየ። ከመሥሪያ ቤቱ ማንም አላየውም፣ ምክንያቱም ማንም አይከፍተውም፤ አየሁ ብሎ የደወለው አሜሪካ ያለ የአንዷ ሠራተኛ ወንድም ነው።

ማኔጅመንቱ ታዲያ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ ቆራጥ ውሳኔ አሳለፈ፣ ማስታወቂያውም ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። ከዜሮ የሚሠራ፣ ዘመናዊ፣ ማራኪ፣ ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ ድረ ገጽ ይፈለጋል። ተጫራቾች የጨረታ ሰነዱን የማይመለስ 300 ብር በመክፈል፣ ዘወትር በሥራ ሰዓት፣ ዋናው መሥሪያ ቤት 2ኛ ፎቅ፣ ቢሮ ቁጥር 14 በአካል ቀርበው መውሰድ ይችላሉ።